የቦቴው ላሜራ

ስኳር ከአሰላ ሱቆች በጠፋበት ክረምት አሰፋሽ ዳቦ ቤቷን ለመዝጋት ጥቂት ነበር የቀራት። ተራውን ዳቦ ማንም ይጋግረዋል፤ የእሷን ቤት ስም ያስወጣው ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚሻሙበት ጣፋጩ ዳቦ ነበር፣ እሱ ደግሞ ያለ ስኳር አይሆንም። እናቷ ለጠላ ብቅል ስታበቅል እያየች ያደገች ሴት ናትና አንድ ቀን መላ መጣላት። የገብስ ብቅል አስፈጭታ በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈችው፣ ጣፋጭነቱን ለውሃው እስኪሰጥ ጠብቃ አጠለለችው፣ ያንን ውሃ በትልቅ ድስት ጥዳ ደንበኞቿን ልታስተናግድ ሄደች። ስትመለስ ውሃው ተንኖ ድስቱ ሥር ቡናማ፣ ወፍራም፣ ከማንኪያ ላይ እንደ ክር የሚሳብ ነገር ጠበቃት። ቀመሰችው። ማር አይደለም፤ ግን ማር ላጣ ሰው ማርን የሚያስረሳ ነበር። ሰፈሩ «የብቅል ማር» አለው፣ ስሙም በዚያው ጸና።

ዳቦ ቤቷ ዳነ። ብዙም ሳይቆይ የአዳማ ኬክ ቤቶች ወሬውን ሰምተው ላኪልን ይሏት ጀመር፣ ችግሩም ከዚያ መጣ። የድስት ማር ለአንድ ቤት ይበቃል እንጂ ለከተማ አይበቃም። በርሜል አስቆርጣ ጓሮዋ ውስጥ ጣደች። በርሜሉ ጥልቅ ነው፤ ላዩ ገና ውሃ ሆኖ ሲፍለቀለቅ ሥሩ ያራል፣ ያረረው ደግሞ ሙሉውን ያመርራል። ከዲክሲስ ገብስ የሚያመጣላትና እሳቱን የሚጠብቅላት ቱሳ፣ ጎልማሳ፣ ቁጥብ ሰው፣ የእንጨቱን ክምር ሲያልቅ እያየ ይህ በርሜል እንጨት ይበላል እንጂ ማር አይወልድም ይላት ነበር።

ባሏ አሰግድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው። ለሥራ ከጎንደር ተመድቦ መጥቶ በአሰላ ቅዝቃዜ እንዳማረረ፣ አሰፋሽን አግብቶ እዚያው የቀረ ሰው። ነገር ሲገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ከገባው ግን አይለቅም። በርሜሉን ሲዞረው ሰነበተና አንድ እሁድ፣ ውሃ የሚተነው በፊቱ ነው አላት፤ ፊቱ ሰፊ፣ ጥልቀቱ ከስንዝር ያነሰ ገንዳ ብናገኝ በግማሽ እንጨት፣ በግማሽ ሰዓት ታፈይዋለሽ። እውነቱን ነበር። እንዲህ ያለ ገንዳ ፍለጋ ተነሡ።

ፍለጋው እንዳሰቡት ቀላል አልሆነም። ኢተያ ከተማ ያለ አንድ ነጋዴ ከቤት ክዳን ቆርቆሮ የተሠራ ሰፊ ገንዳ አሳያቸው። ሲያዩት ያምራል፤ ግን ቆርቆሮው የተለበጠበት ነገር በትኩስ ብቅል ሲላቀቅ ምግብ ውስጥ እንደሚገባ አሰፋሽ ስለምታውቅ አልነካችውም። ከአዳማ ያስመጡት የአሉሚኒየም ትሪ ገና የመጀመሪያው እሳት ላይ እንደ ቅጠል ተጠቀለለ። የመዳብ ምጣድ አለኝ ያለ ሰው ደግሞ ሊያሳያቸው ሳይመጣ ቀረ። በመጨረሻ ከከተማው በታች፣ በአዳማ መውጫ ወዳለው የነህምያ ብየዳ ቤት ሄዱ።

ነህምያ ሲበይድም ሲያወራም የማያርፍ ሰው ነው። ሁለት ላሜራ አወጣላቸው፤ ሁለቱም የማይዝግ ብረት። አንዱ አዲስ ነው፣ ገና ላስቲኩ አልተላጠም፣ ግን ስስ ነበር። ራሱ ነህምያ አልደበቃቸውም፤ እሳት ሲነካው ይጣመማል፣ ማሩ ወደ አንድ ጥግ ይሸሻል፣ የተጋለጠው ቦታ ያራል፤ ከሥሩ ብዙ ድጋፍ ካልተበየደለት አይሆንም አለ። ሌላው ከግቢው ጀርባ፣ ከአሮጌ በሮች አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ነበር። ወፍራም ነው፣ ትንሽ ቆልመም ይላል፣ በጨርቅ ሲወለውሉት እንደ መስታወት ፊት ያሳያል።

«ከየት ነው?» አለችው አሰፋሽ።

«የወተት ቦቴ ነበር። ወተት የተጫነበት ብረት ለምግብ ይታመናል።»

ቦቴው ለምን ተቆረጠ ብላ ጠየቀችው። ቦቴም እንደ ሰው ያረጃል አለና ጥቁር መነጽሩን ዓይኑ ላይ ጣለ።

አሰግድ መዳፉን ላሜራው ላይ አሳረፈና ወዲያው አነሣው። ላሜራው ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆሞም ይቀዘቅዝ ነበር። አሰግድ ወደ ስሱ ላሜራ ተመልሶ ይህን ብንወስድስ አላት። ስሱ እንደሚጣመም ነህምያ ገና አሁን ነግሯቸው ስለነበር አሰፋሽ ሳቀችበት። ምክንያቱን ስትጠይቀው መዳፉን በሱሪው ጠረገ። ወፍራሙን መረጠች።

ነህምያ ጥሩ አድርጎ ሠራው። ቁልምምታውን አቃናው፣ ጠርዙን ወደ ላይ አጠፈው፣ መሐሉን በአጭር ግድግዳ ከፍሎ በአንድ ጎን መተላለፊያ ተወለት፤ ቀጭኑ ውሃ በአንዱ ወገን ገብቶ እየወፈረ ሲሄድ በሌላው ወገን ይወጣል። ዳር ላይ ቧንቧ ተከለለት። ጓሮ ውስጥ በጡብና በጭቃ ረጅም ምድጃ ሠሩለት፣ ጭሱን የሚያወጣ ቱቦ አቆሙለት፣ ላዩን በቆርቆሮ ከለሉት።

መጀመሪያ ያፈላችበት ጠዋት ጉም ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ከተማውን ውጦት ነበር። ቱሳ ለአጨዳ ወደ ዲክሲስ ስለሄደ እሳቱን ራሷ ነበር የምትጠብቀው። ገንዳው ከጠበቀችው በላይ ሆነላት። ዳር እስከ ዳር እኩል ፈላ፣ እንፋሎቱ ከጉሙ ጋር እየተቀላቀለ ግቢው ነጭ ሆነ፣ የዳቦ ቤቱ የኋላ በር እንኳ አይታይም ነበር። ውሃው እየወፈረ፣ ቀለሙ እየጠቆረ ሄደ። ቀና ብላ ላቧን ስትጠርግ ገንዳው ተመታ።

ኳ አለ። አንድ ጊዜ።

ጎንበስ ብላ ምድጃውን አየች። እንጨቱ በቦታው ነው፣ የወደቀ ነገር የለም። በጉሙ ውስጥ ማን ነው አለች፣ የመለሰላት የለም። ብረት ሲሞቅ እንደሚነፋ ታውቃለችና ልቧን አረጋጋች፣ ጭልፋውን ነክራ አነሣች። ማሩ ከጭልፋው ጫፍ እንደ መጋረጃ ሰፍቶ ወረደ። ደርሷል። ቧንቧውን ከፈተች። እንደዚያ ያለ ማር ከእጇ ወጥቶ አያውቅም፤ ወርቃማ፣ ጥርት ያለ፣ የማረር ሽታ የሌለው።

በሚቀጥለውም ጊዜ እንዲሁ ሆነ፣ ከዚያም በኋላ። ማሩ ሊደርስ ሲል ገንዳው አንዴ ኳ ይላል። አሰፋሽ ለመደችው። ጭልፋውን ተወችው፣ እሳቱን ለኩሳ ወደ ሊጧ ትገባና ምቱን ስትሰማ እጇን ጠርጋ ትወጣለች። የአዳማ ኬክ ቤቶች ማሩ ከየት እንደተገኘ ይጠይቁ ጀመር። አንድ ምሳ ሰዓት ለአሰግድ እየሳቀች ነገረችው፣ ገንዳዬ ሲደርስ ይጠራኛል አለችው። አሰግድ አልሳቀም። ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰው።

«አንቺን መጥራቱን በምን አወቅሽ?» አላት።

ቱሳ አጨዳውን ጨርሶ በአህያ ጋሪ ገብስ ጭኖ ተመለሰ። ገንዳውን ሲያይ ደስ አለው፤ ዞረው፣ ምድጃውን አደነቀ፣ እጅጌውን ሰብስቦ እንጨት ይጨምር ጀመር። የዚያን ቀንም ጉም ነበር። አሰፋሽ በሩ ላይ ሆና ዱቄት ትነፋለች። ገንዳው ተመታ።

ቱሳ የያዘው እንጨት ከእጁ ወደቀ። ወደ ገንዳው አላየም፤ ወደ ግቢው በር ሄዶ ከፈተና ጉሙ ውስጥ ቆመ። ጭንቅላቱን ወደ ግራ፣ ቆይቶ ወደ ቀኝ አዘነበለ፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ የሚያፈላልግ ሰው ይመስል ነበር። አሰፋሽ ሁለት ጊዜ ጠራችው። ሲመለስ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ነበር። ብረቱ ከየት እንደተገኘ ጠየቃት፣ ነገረችው። ምድጃው አጠገብ ቁጭ አለና ከዚያ ነው የነገራት።

ባለፈው ክረምት ከዲክሲስ በላይ፣ መንገዱ በገደሉ አፋፍ በሚታጠፍበት ቦታ አንድ የወተት ቦቴ ተገልብጦ ነበር። ጉሙ እንደ ግድግዳ ነበር። ሹፌሩ መታጠፊያውን ስቶ ሊመለስ ወደ ኋላ ሲያሽከረክር ረዳቱ ወርዶ ከኋላ ይመራዋል፤ የጎማ ማቆሚያውን ታኮ በእጁ ይዞ የቦቴውን ጀርባ እየመታ። ረዳት አንዴ ሲመታ ቁም ነው፣ ሁለቴ ሲመታ ሂድ፤ ይህን በመኪና የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ረዳቱ አንዴ መታ። ሹፌሩ አልሰማውም። የመንገዱ ጠርዝ ተናደና ቦቴው ረዳቱን ከሥሩ አድርጎ ገደል ገባ። ሹፌሩ ወጥቶ እየጮኸ ወደ መንደር ሮጠ። ቱሳና ጎረቤቶቹ ወረዱ፤ ግን ጉሙ ውስጥ የእጃቸውን ጣት አያዩም። የሚሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ኳ። ትንሽ ይቆይና፣ ኳ። በስተቀኝ ነው ብለው ሲሄዱ በስተግራ ይሰማል፤ ከታች ነው ብለው ሲወርዱ ከላያቸው ይመታል። ጉም ድምፅን እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ጉሙ ሲገለጥ ምቱ ካቆመ ቆይቶ ነበር። ረዳቱ ቃሲም ይባላል፤ በሲሬ መንገድ የምትኖረው የአዴ ሀጂራ፣ እማማ ሀጂራ ማለቱ ነው፣ ልጅ ነው።

«እኔ ይህን ድምፅ ከሌላ ድምፅ አላምታታውም፣ እትዬ» አላት ቱሳ። «አንዴ መምታት ማለት ቁም ማለት ነው።»

የቀረውን እንጨት እንኳ ሳያስተካክል አህያውን ጋሪው ላይ ጠምዶ ሄደ። ካፖርቱን ረስቶት ነበር፤ ሊወስደው አልተመለሰም።

አሰፋሽ በማግስቱ ነህምያ ዘንድ ሄደች። መጀመሪያ ሊቀልድ ሞከረ፣ ፊቷን ሲያይ ተወው። ቦቴው መገልበጡን አውቃለሁ አለ፤ ቁርጥራጭ ብረት ከሚሸጥ ሰው ነው የገዛሁት፣ ሰው የሞተበት መሆኑን ግን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ከዚያ ሙያውን አስረዳት። ብረት ሲሞቅም ይናገራል፣ ሲበርድም ይናገራል፤ ተቆልምሞ የኖረ ላሜራ ሲቃና ደግሞ የቀድሞ ቅርጹን ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ልክ ሲደርስ አንዴ ብቅ ጥልቅ ይላል፣ ምቱ ያ ነው። ይህ ምክንያት ለአሰፋሽ በቂ ነበር። እውነቱን ለመናገር በቂ እንዲሆንላት ፈልጋ ነበር። ሰው የሚወደውን ዕቃ የሚያስተውበትን ወሬ በጆሮው ሙሉ አይሰማም፤ የአዳማ ሰዎች ደግሞ ለበዓል ማር እየጠበቁ ነበር።

ቱሳ ከሄደ በኋላም አፈላችበት። ግን አሁን ገንዳውን ትታ ወደ ሊጧ መግባት አልሆነላትም። አጠገቡ ቆማ ታየዋለች፣ ስታየውም ከዚህ በፊት ያላስተዋለችውን አየች። በአንደኛው ጥግ፣ ውሃው በሁሉም ቦታ ሲንተከተክ፣ አረፋ የማይነሣበት አንድ ስፍራ አለ። የመዳፍ ስፋት ቢሆን ነው። እሳቱ ከሥሩ እኩል ይነድዳል፤ እዚያች ላይ ግን ውሃው እንደ ኩሬ ውሃ ዝም ብሎ ተኝቷል። ገንዳው ባዶ ሲሆን ቦታውን በጨርቅ ፈተገችው፣ ከሌላው የተለየ ነገር አላገኘችበትም። ባፈላችበት ጊዜ ደግሞ ማማሰያ ዘንግ ነክራ ያዘችበት። ቆይታ አወጣችና ጫፉን ጉንጯ ላይ አደረገችው። ዘንጉ ሙሉ ያቃጥላል፤ ጫፉ ከምንጭ እንደወጣ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

ያን ለአሰግድ አልነገረችውም። ብትነግረው የሚለውን ታውቃለች።

አዴ ሀጂራ የመጣችው በአንድ ሐሙስ ረፋድ ነበር። ረጅም፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ አሮጊት ናት፤ ከሲሬ መንገድ በሚኒባስ መጥታ ከመናኸሪያ እየጠየቀች ነው ቤቱን ያገኘችው። ማን እንደነገራት አሰፋሽ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ወንበር አወጣችላት፣ ውሃ ሰጠቻት። ሀጂራ ውሃውን ጠጥታ አመሰገነችና፣ አልጮኸችም፣ አልከሰሰችም፣ ገንዳውን አሳዪኝ አለች።

አጠገቡ ስትደርስ ቆመች። ጎኑን እየዳበሰች ሄደች፤ ገበያ ላይ የጥጃ ጀርባ የምትፈትሽ ሴት ትመስል ነበር። አሰፋሽ ስለማታውቅ እንዳደረገችው ነገረቻት፤ ነህምያ ያስረዳትንም ደገመችላት፣ የብረቱን መሞቅ፣ የቁልምምታውን ነገር። ሀጂራ እስክትጨርስ ሰማቻት።

«እሳቱን አንድጂው፣ ልጄ» አለች። «ልስማው።»

ያን ቀን ለማፍላት የተዘጋጀ የብቅል ውሃ ነበር። አሰፋሽ ገንዳውን ሞላችው፣ እሳቱን ለኮሰች። ከጥቂት ጊዜ በፊት ብሩህ የነበረው ሰማይ ወዲያው ጠቆረ፣ ጉሙ ከጭላሎ ተነሥቶ በጣሪያዎቹ ላይ እየተንከባለለ መጣና ግቢውን ሞላው። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው እርስ በርስ በጭንቅ ነበር የሚተያዩት። ሀጂራ ስለ ልጇ ጥቂት ነገረቻት። ቃሲም ከልጅነቱ ቁር አይችልም ነበር፤ ለሥራ ሲወጣ ሹራብ ደርቦ፣ በላዩ ካፖርት ደርቦ ነበር የሚሄደው። ሙቀት ይወዳል እያልኩ እስቅበት ነበር አለች።

ውሃው መፍላት ጀመረ። አሰፋሽ ምቱ የሚመጣበትን ጊዜ ታውቃለች፤ ገና ነው፣ ውሃው ገና ቀጭን ነው፣ ማር እስኪሆን ብዙ ይቀረዋል። ይህን ለሀጂራ ልትነግራት አፏን ስትከፍት ገንዳው ተመታ።

አሰፋሽ ደነገጠች። ያለ ጊዜው ነበር። ሁለተኛ ተመታ። እስከዚያ ቀን ሁለተኛ መትቶ አያውቅም። ሁለተኛው እንደ ሂድ ምልክት ከመጀመሪያው ጋር የተያያዘ አልነበረም፤ መሐሉ ረጅም ነው፣ ሰው ትንፋሹን እስኪሰበስብ ያህል። ኳ። ትንሽ ቆየና፣ ኳ።

ሀጂራ ተነሣች። «ኢልመ ኮ» አለች፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ እንደ ሹክሹክታ። ከዚያ ወደ አሰፋሽ ዞረች። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«ደርሷል እያለሽ አይደለም የሚመታው» አለቻት። «ቁሙ እያለ ነው። አቃጥላችሁኛል እያለ ነው። እሳቱን አጥፊልኝ።»

እዚህ ላይ አሰፋሽ ያደረገችውን ነገር በኋላ ለባሏ እንኳ ስትነግረው ድምፅዋ ይወርድ ነበር። ገንዳው ሙሉ ነበር፤ በዓሉ ደርሷል፣ አሁን እሳቱ ቢጠፋ የብቅሉ ውሃ ይሆምጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ በልቧ አለፈ፣ እግሯም አልተነሣም። የቆመችው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ገንዳው ግን ያን ሁሉ ጊዜ ይመታ ነበር፤ አሁን ማረፊያ የለውም፣ ጠርዙ ይንቀጠቀጣል፣ የሚፈላው ውሃ ወደ ውጭ ይረጫል፣ ምቱም ከገንዳው ብቻ አልነበረም፤ በስተቀኝ ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ፣ በስተግራ ከአጥሩ፣ ከላይ ከቆርቆሮው፣ ከጉሙ ውስጥ ከየአቅጣጫው ይሰማል። ከሀጂራ በስተቀር ከየት እንደሚመጣ ማንም ሊለይ አይችልም ነበር። ሀጂራ አንድም ጊዜ ሳታመነታ ወደዚያች ጥግ ሄደች፣ አረፋ ወደማይነሣባት፣ መዳፏንም ከሚፈላው ውሃ ውስጥ አስገብታ ላሜራው ላይ አሳረፈችው።

አሰፋሽን ያንቀሳቀሳት ይህ ነው። የውሃ ባልዲውን አንሥታ ምድጃው ውስጥ ደፋችው፣ ሁለተኛውንም፣ የሊጥ ማቡኪያውን ውሃ ሳይቀር። ምድጃው እየጮኸ አመድና እንፋሎት ተፋ። ጭሱ ሲቀል ግቢው ጸጥ ብሏል። የሀጂራ ክንድ እስከ አንጓው ቀልቶ ነበር፤ መዳፏ ግን፣ ላሜራውን የነካው የእጇ ውስጥ፣ ምንም አልሆነም። አሰፋሽ ይዛ ስታየው እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር።

ክንዷን በቅባት አሽታ በንጹሕ ጨርቅ አሠረችላት። ሀጂራ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት፤ ገንዳውን ልወስደው አለች። አሰፋሽም አዎ አለች፣ የዚህ ዋጋ አይነሣም አለች፣ ይቅርታም ጠየቀቻት። ሀጂራ ይቅርታውን ተቀበለች፣ አንቺ ያፈላሽው የገብስ ውሃ ነው አለቻት፤ ይህን ያለችው ለማጽናናት ይሁን ወይም እውነት መስሏት፣ አሰፋሽ እስከ ዛሬ አላወቀችም።

አሰግድ ከሥራ ሲመለስ ገንዳው ከምድጃው ወርዶ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ አገኘው። ሲነግሩት ወዲያው ወጥቶ ጋሪ ፈልጎ መጣ። ሀጂራ እዚያው አድራ በማግስቱ ጠዋት ሦስቱም ጋሪውን ተከትለው ሄዱ። ገንዳውን ሀጂራ ለብሳው በመጣችው የጥሎሽ ጋቢዋ ሸፍነውት ነበር። መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ የጋሪው ብረት ሁሉ ይንኳኳል፤ ከጋቢው ሥር ግን አንዲት ድምፅ አልተሰማችም። በየመንደሩ በር ላይ ያሉ ሰዎች ሬሳ እንደሚያልፍ ቆመው ያሳለፏቸው ነበር፣ ማንም ያልነገራቸው ሰዎች።

አሰፋሽ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ነህምያ ስሱን አዲስ ላሜራ ሳይጠየቅ አበጅቶ አመጣላት፤ ከሥሩ እንደ ጎድን አጥንት የተደረደረ ብረት በይዶለት ነበር። ቢሆንም ይጣመማል። ለበዓሉ የአዳማን ሰዎች አሳፈረቻቸው፤ ብዙ ማር አረረባት፣ ብዙ ቀጠነባት፣ ጭልፋውን ይዛ ከእንፋሎቱ ውስጥ ሳትነቃነቅ መቆምን እንደገና ተማረች። አሁን የምታወጣው ማር ጠቆር ያለ ነው፣ ጥቂት የማረር ሽታም አለው። ሰው ግን ይገዛዋል። ቱሳም ወሬውን ሲሰማ መጣ፣ ካፖርቱን ከተሰቀለበት አወረደ፣ እሳቱ ዘንድ ተቀመጠ።

የሚቀጥለው ዓመት ክረምት ሲወጣ አሰፋሽ ሀጂራን ልትጠይቃት ሄደች። ዳቦ ይዛላት ነበር። ገንዳውን ከቤቱ ጀርባ፣ ከትልቅ የጽድ ዛፍ ሥር አገኘችው፤ በአራት ድንጋይ ተደላድሎ ጠርዙ ድረስ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቶበታል። ለከብቶቹ ያደረገችው መስሏት ነበር። ሀጂራ አይደለም አለቻት፤ ለተቃጠለው ልጄ ነው፤ ከብቶቹ ወደዚያ አይጠጉም፣ እኔም አላስገድዳቸውም። ክንዷ ድኗል፣ ጠባሳ ብቻ ቀርቶበታል።

ቁጭ ብለው ዳቦውን እየበሉ አሰፋሽ ሳትጠይቅ መቅረት አልቻለችም።

«አሁንም ይሰሙታል፣ አዴ ሀጂራ? ይመታል?»

«አይመታም» አለች ሀጂራ። «ዝም ብሏል። ውሃው ግን ይቀንሳል።»

ፀሐይ ይሆናል አለቻት አሰፋሽ፤ ሰፊ ገንዳ ነው፣ ፊቱ ሰፊ ከሆነ ውሃ ቶሎ ይተናል። ይህን ስትል ገንዳው ያለበትን ቦታ አየች። የጽዱ ጥላ ከጠዋት እስከ ማታ የማይለየው፣ ሣሩ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነበት ቦታ ነው። ውሃው ደግሞ ከቅድሙ፣ ስትገባ ካየችው፣ የአንድ ጣት ያህል ጎድሎ ነበር።

ሀጂራ ፍርፋሪውን ከቀሚሷ አራግፋ ተነሣች፣ እንስራዋን አንሥታ ወደ ምንጩ ወረደች። አሰፋሽም ትንሽ ቆይታ ከማጀቱ በር ሌላውን እንስራ አዘለችና ተከተለቻት።